አፀደ ወደ ኦስትያ የሄደችበት ቀን

አፀደ አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ፓይን ሌክ ነው የምትኖረው። ሳንዲ ስፕሪንግስ ባለ አንድ ሆስፒታል የታማሚ ክፍል ታጸዳለች፤ በአውቶቡስና በባቡር ሄዳ በዚያው ትመለሳለች። ከሱዳን በስደተኝነት አትላንታ ከገባች ቆይታለች፣ ዜግነትም አግኝታለች። በቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት ዝምተኛ ናት ይላሉ። ዝምታዋ የባሰው ግን ታናሽ ወንድሟ ወንዳፍራሽ ሊቢያ ከገባ በኋላ ነው።

በ2015 ክረምት ሰብራታ ከምትባል የሊቢያ የባሕር ዳር ከተማ ደወለላት። "በዚህ ሳምንት ወደ ጣሊያን እንሻገራለን። ስልኬን ይወስዱታል፣ እንዳታስቢ" አላት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

እናታቸው ደብረ ብርሃን ናቸው። በደወለችላቸው ቁጥር "ታስሮ ይሆናል እንጂ ልጄ አልሞተም" ይሏታል። "ይሆናል እማዬ" ትላለች። ለቅሶ ሳይቀመጡ፣ ተስፋም ሳይቆርጡ ሁለት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ፌስቡክ ላይ የለጠፈችውን የወንዳፍራሽን ፎቶ ያየ ቶሎሳ የሚባል ወጣት ከሮም ጻፈላት። "አብረን ነበርን። በስልክ የምነግርዎት ነገር ግን አይደለም" ይላል። አፀደ ሱፐርቫይዘሯን ቫኬሽን ጠየቀች። ለሥራ ጓደኞቿ ሮምን ልጎበኝ ነው አለቻቸው። "ዋው፣ ላኪ ዩ" አሏት።

ቶሎሳ ሮም ባቡር ጣቢያ ጠበቃት። ቀጭን ነው፣ የሬስቶራንት ሳህን በማጠብ እጁ ተላልጧል። ሰላምታውን እንኳ ሳታስጨርሰው "ወንድሜ የት ነው ያለው?" አለችው።

"ሰብራታ ነው እትዬ።"

"በሕይወት?"

ራሱን ነቀነቀ። "አይደለም።"

አፀደ አላለቀሰችም። ወንበር ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን አቅፋ ቆየች። ከዚያ "ቦታው ምን ይመስላል?" አለችው።

ቶሎሳ ሊነግራት ሞከረ። "የጥንት ሮማውያን የሠሩት የፈረሰ ከተማ አጠገቡ አለ። ደላሎቹ ባሰሩን መጋዘን ሆነን ዓምዶቹ በመስኮት ይታዩን ነበር። እዚህም ኦስትያ የሚባል እንደዚያ ያለ አለ፣ በባቡር ይኬዳል።"

"ውሰደኝ።"

ባቡሩ ፎጣ ይዘው ወደ ባሕር በሚሄዱ ሰዎች ተጨናንቋል። ልጆች ይሳሳቃሉ። "እኛ ባሕሩ ጋ ሳንደርስ ነው የምንወርደው" አላት ቶሎሳ። ጣሊያን ከገባ ጀምሮ ባሕር ዳር ሄዶ አያውቅም።

ከጣቢያው በእግር ደረሱ። ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ፣ ጣሪያ የሌላቸው የሸክላ ጡብ ቤቶች፣ በየክፍሉ የበቀለ ሣር። ከጥንቱ ቲያትር ፍርስራሽ ጀርባ ዓምዶች ወደቆሙበት ሜዳ ወሰዳትና በእጁ እያመለከተ አስረዳት።

"መጋዘኑ እዚህ ቢሆን፣ ዓምዶቹ እዚያ ናቸው። ከዓምዶቹ ወዲያ ባሕሩ ነው። ወንዴ ሆዱን አመመው፣ ከዚያ ትኩሳት መጣ። መድኃኒት ብንለምን ደበደቡን። ጀልባ ሳንሳፈር አንድ ጠዋት ሞተ።"

"የት ቀበራችሁት?"

"የፈረሰ ግንብ ሥር። ራቅ ብለን እንድንሄድ አልፈቀዱልንም።"

"በምን ሸፈናችሁት?"

"በጃኬቱ። ውሻ እንዳያወጣው ከላይ ድንጋይ ደረደርንበት።"

"ጸሎትስ?"

"ቄስ ከየት ይምጣ? እኔ ጴንጤ ነኝ፣ አባታችን ሆይ አልኩ። አብሮኝ የቆፈረው ሱልጣን ሙስሊም ነበር፣ እሱ ዱዓ አደረገ።"

"ሱልጣን አሁን የት ነው?"

"ባሕር ላይ ቀረ።"

ያኔ አፀደ መሬት ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየመታች "ወንዴ፣ ወንድሜ" ብላ ጮኸች። ቱሪስቶቹ ካሜራቸውን ዝቅ አደረጉ። የግቢው ጥበቃ እየተቻኮለ መጥቶ ቶሎሳን በጣሊያንኛ አናገረው። ቶሎሳ ሲመልስለት ኮፍያውን አውልቆ ሄደ።

ድምፅዋ እስኪዘጋ ካለቀሰች በኋላ "ምን አልከው?" አለችው።

"ወንድሟ ሞቶ ነው አልኩት።"

"መቼ ሞተ አልከው?"

"ዛሬ።"

አትላንታ እንደተመለሰች ደብረ ብርሃን ያሉት አጎቷ ጋ ደወለች። "ጋሼ አምባቸው፣ ለእማዬ መርዶ ይነገራት።"

"በምን አወቅሽ ልጄ?"

"የቀበረው ልጅ ነገረኝ።"

"ጎህ ሳይቀድ ሰው ይዤ እሄዳለሁ" አሏት።

የፓይን ሌክ ቤቷ በለቀስተኛ ሞላ። እናቷ ግን ለብዙ ቀን ስልክ አልቀርብም አሉ። በመጨረሻ ሲቀርቡ "መቃብሩን አየሽው?" አሏት።

"አላየሁም እማዬ።"

"እንግዲያ ምን አየሽ?"

አፀደ ስለ ግንቡ፣ ስለ ሣሩና ስለ ዓምዶቹ ነገረቻቸው። ወንዴ ያለበት ቦታ እንዳልሆነ፣ ግን እንደሚመስለው ነገረቻቸው።

"የቀበሩት ልጆች ማን ማን ይባላሉ?" አሏት። "እናታቸው ትሙትላቸው፣ በጸሎት ላስባቸው።"

"ቶሎሳና ሱልጣን" አለች አፀደ። የሱልጣንን መጨረሻ ግን ልትነግራቸው አልቻለችም።