አባቴና የኒያንደርታሎቹ ልጆች

ከጋምቤላ የወጣነው ጎህ ሲቀድ፣ በጭነት መኪና ላይ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ ኦሞድና የዓመት ልጃችን አሪየት። እኔ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፣ ኦሞድ አኙዋ ነው፣ አስተማሪ። ክልሉ ገና መቋቋሙ ስለነበር ሰው ሁሉ ወገኑን ይጠየቅ ነበር፤ እንደ እኛ የተቀላቀለ ቤት መኖሪያ አጣ። ከመውጣታችን በፊት ቀበሌ መሸኛ ጠየቅን።

«የልጅቷ ብሔር?» አለ ጸሐፊው።

«አባቷ አኙዋ፣ እኔ አማራ።»

«አንዱን ምረጡ።»

«ሁለቱንም ቢጽፉት ምን አለበት?» አለ ኦሞድ።

«ቦታው አይበቃም» ብሎ እስክሪብቶውን ከደነ። ያለ መሸኛ ሄድን።

አባቴን ልሰናበት ወደ ሰፈራ መንደራችን ወደ አቦቦ ስወርድ በቆሎውን እየኮተኮተ ነበር። ቀና ብሎም አላየኝ። «የእነሱና የእኛ ዘር አይቀላቀልም ብዬሻለሁ። ልጅቷንም አታሳዪኝ» አለኝ። አላሳየሁትም።

ኬንያ የስደተኞች ካምፕ ስድስት ዓመት ኖረን ሜልበርን ገባን። ምን ልበላችሁ፣ የጋምቤላን ሙቀት ስንረግም ኖረን እዚህ ብርዱ አጥንት ድረስ ሲገባ ናፈቀን። ዓሣውን አጥንቱን አውጥተው በፕላስቲክ ይሸጡታል፤ የባሮን ዓሣ ለሚያውቅ ለኦሞድ ይሄ ዓሣ አይደለም። አከራያችን «ምግብሽ ይሸታል» አሉኝ። በአማርኛ «የእርስዎስ ውሻ?» ብላቸው ፈገግ ብለው «ታንክ ዩ» አሉኝ።

አሪየት አድጋ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ገባች። አንድ ቀን እራት ላይ የተማረችውን ነገረችን። የጥንት ሰዎች ከአፍሪካ ሲወጡ ኒያንደርታል የሚባሉ ሌላ ዓይነት ሰዎች አገኙ፣ ከእነሱም ወለዱ። ምልክቱ ዛሬም በሰው ውስጥ አለ።

«አከራያችንም ጋ?» አለ ኦሞድ።

«እሳቸውም ጋ። እኛም ጋ ትንሽ አለ፤ ወደ አፍሪካ የተመለሱ ሰዎች ይዘውት መጡ።»

ኦሞድ ሳቀ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አባቴን ሳስብ አደርኩ።

በማግስቱ በወንድሜ ስልክ ደወልኩለት። ለዓመታት ከጤናና ከዝናብ ሌላ አውርተን አናውቅም። አሪየት ያለችውን ነገርኩት።

«እንደ ዝንጀሮ ነበሩ?»

«ሰዎች ነበሩ፣ አባዬ። እሳት ያነዱ፣ ሙታናቸውን ይቀብሩ ነበር ይባላል።»

«ከእነሱ ወለዱ?»

«ወለዱ።»

ከበስተኋላው ዶሮ ይጮሃል።

«ልጆቹን ማን አሳደጋቸው?»

አሪየትን ጠየቅኳት። በእርግጥ የሚያውቅ የለም አለች፤ ግን አንድ ሰው ባያሳድጋቸው ኖሮ ዘራቸው እኛ ጋ ባልደረሰ።

ይህንኑ ነገርኩት።

«አጠገብሽ ናት?» አለ።

«አለች።»

«አማርኛ ትሰማለች?»

«ትሰማለች፣ አባዬ።»

ስልኩን ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች። የአባቴ ትንፋሽ ለእኔም ይሰማኛል፤ ከዚያ «አሪየት» ብሎ ጠራት።