ቀጮ በምሳ ሰዓት

ታላቅ ወንድሜ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። አንዲት ሱቅ ለሁለት ተካፍለን፣ እሱ በዚያ ጥግ ከሞተሮቹ፣ እኔ በዚህ ከስፌት መኪናዬ ጋር እንውላለን። በምሳ ሰዓት ሰው ሲበላ እሱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ይተኩሳል። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አትፍረዱበት፣ እኔ በበቂ ፈርጄበታለሁ።

ጨዋታውን የጀመረው ከታናሻችን ከቀጮ ጋር ነው። ያኔ ለመግባት ወረፋ ነበር፤ የማያውቋቸው ሰዎች በማዳመጫው ይሰድቧቸዋል፣ እነሱም አይምሯቸውም። ኋላ አባታችንን ማን አስታመመ በሚል ሁለቱ ተጣሉ። ቀጮ ሌላ ከተማ ሄደ፣ ስልኩንም ቀየረ። ግን በምሳ ሰዓት ጨዋታው ላይ ይመጣል። አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ጎን ለጎን ይዋጋሉ። እንዲህ ያለ ኩርፊያ አይቼ አላውቅም። «ሄጄ ልየው?» ስለው፣ «ተይው፣ ደህና ነው፤ ዛሬም ከኋላዬ ነበር» ይለኛል።

ጨዋታው ግን አረጀ። አንዱ አገባ፣ አንዱ ሰለቸው፤ የቀሩት ግድግዳ አሳልፈው የሚተኩሱ አጭበርባሪዎች ናቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ የኔውም አልለቀቀም። ተጫዋች ሲጠብቅ ምሳ ሰዓቱ ያልቅ ጀመር፤ ቀጮም ጠፋ። ወንድሜ እህል አልወርድለት አለ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሜዳው ሞልቶ አገኘው፣ ቀጮም አለ። «ሰው ተመለሰ» ብሎ እያንጎራጎረ ሠራ። እኔም ተመስገን አልኩ። እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ።

በቀደም ኮምፒውተር የሚሠራው ጎረቤታችን ፍሪጁን ሊወስድ መጥቶ ስክሪኑን ሲያይ ሳቀ።

«ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አለ፣ አንድ ስም በጣቱ እያሳየ። «ከተውኩት ሦስት ዓመቴ። ጋሼ፣ እዚህ ሰው የለም። የጨዋታው ባለቤቶች ሰው ሲያልቅባቸው የጠፋነውን ሰዎች ስም ለኮምፒውተሩ ሰጥተው ነው የሚያጫውቱት።»

«ያልጠፋ ሰው ስምስ?» አለ ወንድሜ።

«እሱንማ ለምን ይወስዱበታል?»

ጎረቤታችን ሲሄድ ወንድሜ ከተጣሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀጮ እዚያው ጨዋታው ላይ ጻፈለት፤ «የት ነህ?» አለው። ቀጮ መሮጡን ቀጠለ።

በነጋታው ወደ ቀጮ ከተማ ሄድን። አከራዩ፣ «ወጥቶ ከቀረ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ልብሱ እንኳ እዚሁ ነው» አሉን። እኔን አንጀቴን የበላኝ ቅርበቱ ነው፤ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን አይሞላም።

ፖሊስ ጣቢያ የተቀበለችን ሴት የሰማችውን ከጻፈች በኋላ ቀና አለች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አላመለከታችሁም?»

ወንድሜ መሬት መሬት እያየ፣ «በየቀኑ አየው ነበር» አላት።