ሚስቴ የሌለችበት ፋይል

ባልደረባዬ በሞተ፣ አርባው በወጣ ማግስት ባለቤቱ ወረቀቷን ታቅፋ ቢሮአችን መጣች። ፋይሉ ሲገለጥ የጡረታው ተተኪ ተብለው የተጻፉት እናቱ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል። ሴትዮዋ ትዳሯን በምስክር ልታስረዳ ከቀበሌ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ቀበሌ ስትመላለስ የሚዛን ተፈሪ ዝናብ ስንቴ እንደመታት እኛ በመስኮት እናይ ነበር። ማዘንስ አዘንን። ከመካከላችን ግን ተነስቶ የራሱን ፋይል ያስገለጠ አልነበረም።

ወሬውን ቤት ያስገባሁት እኔው ነኝ። ሚስቴ ጎመን እየከተፈች ሰማችኝና ቢላዋውን ሳታስቀምጥ፣

«የእኔስ ስም አለ?» አለች።

መልሱን አውቀዋለሁ። የለም። ያለው የመጀመሪያ ሚስቴ ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣትነቴ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ቱም ከተማ ስመደብ አንድ ቅጽ ሰጡን፤ ብንሞት ጡረታችንን ማን እንደሚቀበል የምንጽፍበት። ያኔ አንዲት ነርስ በሽማግሌ ካገባሁ ገና ሦስት ወር ቢሆነኝ ነበር። ስሟን ጻፍኩ። ወረቀት አምጣ ያለኝ የለም፤ ቃሌ በቂ ነበር። ትዳሩ ግን ሁለት ዓመት አልሞላም። ያጋቡን ሽማግሌዎች መልሰው ቁጭ አደረጉን፣ መከሩን፣ እንደማይሆን ሲያዩ መርቀው ለያዩን። ልጅ አልነበረንም። እሷ ቴፒ ተዛወረች፣ እኔ ሚዛን መጣሁ። ለእኛ ነገሩ አልቆ ነበር፤ ፋይሉ ግን ይህን የነገረው የለም።

ደግሞም በእኛ ቢሮ ያንን ቅጽ መንካት ሞትን በስሙ እንደመጥራት ይቆጠራል። አንድ ጊዜ አንዱ ባልደረባችን ሊያስተካክል ሲሄድ «ምን አመመህ?» እያልን ሳምንት ሙሉ ቀለድንበት። ከቀላጆቹ አንደኛው እኔ ነበርኩ።

ሚስቴ እንደተጋባን ሰሞን ጠይቃኝ ነበር። ጉርድ ፎቶ እንደሚያስፈልግ ከሰው ሰምታ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ፎቶ ቤት ሄዳ ተነሳች። ነገ እሄዳለሁ አልኳት። ዛሬ ነገ ስል የመጀመሪያ ልጃችን ተወለደች፣ ታናሿም ተከተለ። ልጅቷ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሚስቴ ሁለተኛ አላነሳችብኝም፤ እኔም ዝምታዋን እንደመርሳት ቆጠርኩት።

እንጀራዬ ገበሬውን ያረጀ ቡናህን ጎንድል ማለት ነው። ከሥር ከተቆረጠ አዲስ ያቆጠቁጣል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም ደህና አድርጎ ያፈራል። ገበሬው ግን ያለችውን ጥቂት ፍሬ እያየ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። ስንቱን ሽማግሌ ገና ለገና ብለህ ትፈራለህ እያልኩ ተቆጥቻለሁ። የእነሱ ቡና እንኳ ቢያንስ ጥቂት ፍሬ ነበረው፤ እኔ የምሳሳለት ምንም አልነበረኝም።

በማግስቱ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ሄድኩ። የፋይል ሠራተኛዋ ትሁት ልጅ ናት። የቀድሞዋን ለማውጣት የፍቺ ውሳኔ ከፍርድ ቤት፣ የአሁኗን ለማስገባት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከቀበሌ እንደሚያስፈልግ ነገረችኝ። ደሜ ፈላ። ስታስገቧት ወረቀት ያልጠየቃችሁኝን ለማውጣት ምን አስጠየቃችሁ ብዬ ጮህኩባት።

«ጋሼ፣ ያኔ እኮ እኔ አልተወለድኩም» አለችኝ።

ማታ የቀድሞዋን ሚስቴን ፍለጋ ቴፒ ልሄድ መሆኔን ለባለቤቴ ነገርኳት። ብትቆጣ በወደድኩ። «ሸሚዝህን ልተኩስልህ?» አለችና ተኮሰችልኝ።

በሸኮ በኩል የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስንገናኝ የምላትን ሳሰላስል ዋልኩ። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ እንደደረስኩ አወቀችኝ። ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች፣ ሳቋ ግን ያው ነው። ባሏ ነጋዴ ነው፤ ቤታቸው ወስደው ምሳ ካላበላንህ አሉኝ። የመጣሁበትን ስነግራት እስክታነባ ሳቀች።

«አንተም እኮ እኔ ፋይል ላይ አለህ» አለችኝ።

እሷም ከዚያ ወዲህ ቅጹን ነክታው አታውቅም። እኔም ሳቅኩ። ሁለታችንም ስንስቅ ቆየንና ባሏ እንደማይስቅ ያየሁት ዘግይቼ ነው። ያነሳውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀምጦ እሷን ያያታል። አልተቆጣም። እንደ እንግዳ ሰው ነበር የሚያያት። ያን ጊዜ የሚስቴ ቢላዋና ጎመን ትዝ አለኝ፤ በዚያች ቀን ፊቷን ቀና ብዬ እንዳላየሁም ትዝ አለኝ። አፈርኩ። እስከዚያ ድረስ ነገሩን የወረቀት ጣጣ አድርጌ ነበር የማየው።

«መምጣትህ ጥሩ ነው» አለኝ ሰውዬው ሲሸኘኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው እግር የሚያቀጥን ምልልስ ነው። ለመፋታት መጀመሪያ ተጋብተን እንደነበር ማስረዳት ነበረብን። ካጋቡን ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት አንድ ናቸው፤ እሳቸውም ጆሯቸው ደክሟል። ሠርጉን የበሉ ሁለት ሰዎች ከቱም አስመጣሁ። ዳኛው መለያየታችሁን አሁን ለምን አስታወሳችሁ ሲሉን እኔና እሷ እንደ ተማሪ አቀረቀርን። አንዱ ወረቀት ሲገኝ ሌላው ይጎድላል፣ ማኅተሙ ሲገኝ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት አንዱን ግባ በለው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ማንን እከሳለሁ? ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው።

የፍቺው ውሳኔ ወጣ። የቀበሌው የጋብቻ ወረቀትም ተከተለ። አንድ ሰኞ ጠዋት ከሚስቴ ጋር ባጃጅ ይዘን ቢሮ ሄድን። የፋይል ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አይታ በጄ አለች። የቀረው የሚስቴ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ልነግራት ረስቼ ነበርና ተናደድኩ፤ ሌላ ቀን ልንመለስ ነው ብዬ።

ሚስቴ ግን ቦርሳዋን ከፈተች። ከመታወቂያዋ ጀርባ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ ሁለት ፎቶ። ያቺ ፀጉሯን የተሠራችው ልጅ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ልትስቅ ጥቂት የቀራት። ሃያ ዓመት ሙሉ ቦርሳ በተቀየረ ቁጥር አብራ ስታዛውራት ኖራለች፣ እኔ አላየሁም።

ሠራተኛዋ ፎቶውን አየች፣ ሚስቴን አየች።

«እርስዎ ነዎት?»

«ነበርኩ» አለች ሚስቴ።

የቅርብ ጊዜ ፎቶ ነው የሚፈለገው አለች ልጅቷ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ጥፋቱ የሷ ይመስል። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ የፎቶዋን ልጅ ይሁን አጠገቤ የቆመችውን ሚስቴን አላወቅኩም። መንገዱን ተሻግረን ፎቶ ቤት ገባን። ሚስቴ በመስታወቱ ፊት ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች፣ አንገቷን ቀና አደረገች። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ እኔ ነኝ የተቀበልኩት።

አሁን ፋይሉ ላይ ስሟ አለ። ያለችው ግን ፀጉሯ ከግንባሯ ላይ የሸበተው ሴት ናት። ያቺ ነገ እሄዳለሁ ያልኳት ልጅ አልገባችም።