አለቃው ጮክ ብሎ ያነበበው የይለፍ ቃል

ፕሮግራመሯ የሕክምና ቀጠሮ በስልክ የሚያስይዝ ድርጅት ውስጥ ከተቀጠረች ገና ወሯ ነው። ያሳደገቻት አክስቷ ከማንም ቀድማ ደንበኛ ሆናላታለች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ የክፍሉ አለቃ ኮምፒውተሩን ወደ ሠራተኞቹ አዞረና፣ አፉ ውስጥ ያለውን እንኳ ሳይውጥ፣ የደንበኞችን የይለፍ ቃል ያነብላቸው ጀመር። የፍቅረኛ ስም፣ ስድብ፣ የማይሆን ነገር። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

«ይቺን ስሙልኝማ! ‹ልጄንመልስልኝ›! ሴትዮ፣ እኛ ልጅ እናድላለን እንዴ?»

ፕሮግራመሯ ከቃሉ ጎን የተጻፈውን ስም አየች። አክስቷ ናት። አንድ ልጇ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ስለ እሱ አንስታ አታውቅም፤ ለካ ቀጠሮ በያዘች ቁጥር ይህን ትጽፋለች።

«ይሄ እንዴት ይነበባል?» አለች ፕሮግራመሯ።

«ተጽፏላ!» አለ አለቃው ጣቱን እየላሰ።

ተነሥታ በቀጥታ ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ገባች።

«አለቃው የሁሉንም የይለፍ ቃል ለቢሮው እያነበበ ነው። የይለፍ ቃል እንዳለ አይቀመጥም» አለቻት። «ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የዘፈቀደ ፊደል ይደባለቅበትና ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት ይፈጫል። የምናስቀምጠው የተፈጨውን ነው። ሰውየው ሲመለስ የጻፈውን በዚያው መንገድ ፈጭተን እናስተያያለን፤ ከገጠመ ይገባል። ቃሉን እኛ ማወቅ የለብንም።»

«የእኔንም አንብቦታል?»

«የእርስዎንም።»

ሥራ አስኪያጇ ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ዛሬውኑ ይስተካከል!» አለች። ስለ ደንበኞቹ አንዲት ቃል አልወጣትም። ይሄ ደግሞ ከሳቁ ባሰ።

«ሰው ረሳሁት ብሎ ሲደውል ምን ልትሉት ነው?» አለ አለቃው ቅር ብሎት።

«አዲስ ያውጣ እንለዋለን» አለችው ፕሮግራመሯ፤ ፊቱን ማየት አስጠልቷት። ሁሉንም ፈጨች፤ የድሮውን ከነቅጂው አጠፋች።

ከሥራ ስትወጣ አክስቷ ቤት ጎራ አለች።

«አክስቴ፣ የይለፍ ቃልሽን ቀይሪው።»

«ምነው፣ ሰው አየብኝ?»

ልትዋሻት ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። «አዩት።»

«ሳቁ?»

«ሳቁ።»

አክስቷ ስልኳን አንሥታ መነጽሯን አጠለቀች። «አሁንስ የምጽፈውን ማን ያያል?»

«ማንም አያየውም፤ እኔም ጭምር።»

«ለማንኛውም ወደዚያ ዙሪልኝ፣ ልጄ።»

ወደ ግድግዳው ዞረች። በሳምንቱ፣ ሌላ ሥራ ሳታገኝ፣ ያንን ቢሮ ለቀቀች።