ነጭና ቀይ ማሽላ

ሴትየዋ እህቷን ልትጠይቅ ከዋጃ የመጣች እንግዳ ናት። ጥቁር ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ፣ ቆቦ ባለው የመሠረተ ትምህርት ዳሳችን ጥግ ተቀመጠች።

ተማሪዎቼ እጅ የሚያወጡት የቀበሌውን ሊቀመንበር እጅ እያዩ ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ነጭና ቀይ የማሽላ ፍሬ አደልኳቸውና መሃል ላይ ቅል አስቀመጥኩ።

"ወባ በትንኝ ይመጣል የሚል ነጩን፣ በእሸት በቆሎ የሚል ቀዩን ቅሉ ውስጥ ይጣል። ማንም የማንንም አያይም!"

እንግዳዋ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ጣለች። ቅሉን ሰፌድ ላይ ስገለብጠው ከሁሉ ቀድማ ዘላ ተነሳች። ነጩና ቀዩ ተደባልቋል!

"ውይ በአላህ! ለካ ሐሳባችን አንድ አይደለም!" ብላ አጨበጨበች። ጉንጮቿ እንደ ልጅ ቀሉ። "መምህርዬ፣ ልጄን ለሚሊሺያ ሲመርጡት እኔም ከሰው ጋር እጄን አውጥቻለሁ። ያኔ ማሽላ ቢታደለን ኖሮ!"

ሁሉም እንደ ልማዱ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ።

እሷ ግን ዞር ብላም አላየችው። ከሰፌዱ ነጩንም ቀዩንም እየዘገነች በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች።

"ይሄ ለዋጃ ሰው ሁሉ ይበቃ ይሆን?" አለችኝ።