ጆሮውን ለነካ ብቻ

ፊልሙ ሊጀምር ሲል በስልኩ ጥግ ላይ፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ «13» የሚል የዕድሜ ገደብ ቁጥር ብቅ ይላል፤ ልጄ ሐያት ቁጥሩ እስኪጠፋ ድረስ በአውራ ጣቷ ሸፍና ትይዘዋለች። ስምንት ዓመቷ ነው። ስልኩ የአባቷ ነው፤ ጠርዙ የሞተር ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉትም ዛሬም ድረስ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እኔ ኢዳ ላይ ነኝ፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ከቤቷ ሳትወጣ የምትቆይበት ጊዜ ነው። የቆቦ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያንጫጫው፣ እኔ በአንዱ ጥግ ደብተሬን፣ እሷ በሌላው ጥግ ስልኩን ይዘን እንውላለን። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ጽፌ የማድርበት ቀን አለ። ዛሬ ግን ያቺን አውራ ጣት ሳያት፣ ልጅ ሳለሁ ከገበያው ጀርባ ወደነበረው ቪዲዮ ቤትና በሩ ላይ ወደሚቀመጡት ወደ አያ ይማም ሄድኩ።

ቪዲዮ ቤቱ ሽንኩርት የሚጫንበት ሜዳ ዳር የቆመ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። ብርሃን እንዳይገባ መስኮቶቹ ላይ የማሽላ ጆንያ ተሰቅሏል፤ ውስጡ የላብ፣ የጆንያና የተቆላ ሽምብራ ሽታ ተቀላቅሎ ይጠብቃል። ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ፣ ጥልፍ ጨርቅ ተከናንቦ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። የቤቱን ባለቤት ያየው ሰው ጥቂት ነው። የምናውቀው አያ ይማምን ነው፤ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ።

አያ ይማም ከዚያ በፊት የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። ያን ጊዜ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ስላልነበረ፣ አንደኛ ክፍል ለመመዝገብ የሚመጣው ልጅ ቀኝ እጁን በጭንቅላቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ይደረግ ነበር፤ ከነካ ደርሷል፣ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። አያ ይማም ሥራ ሲቀይሩ ይህንን መለኪያ ይዘውት መጡ። የካሴቶቹ ሽፋን ላይ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ የዕድሜ ቁጥር እንደነበረ ያውቃሉ፤ ግን አይቀበሉትም።

«አስራ ሦስት ይላል» ይሉ ነበር ካሴቱን ከዓይናቸው አርቀው እያዩ። «የማን አስራ ሦስት? አንዱ በአስራ ሦስቱ ከአፋር ግመል ነድቶ ይመጣል፤ አንዱ በአስራ ሦስቱ ንፍጡን አይጠርግም። ይኼን የጻፈው ፈረንጅ የቆቦን ልጅ ያውቀዋል?»

ስለዚህ ፊልሙን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን ቀድመው ያዩና ከሦስት ይከፍሉታል። እንስሳና ሳቅ ያለበት ለማንም ነው። መሳሳም ያለበት ላገባ ነው። ግድያና ፍንዳታ ያለበት ጆሮውን ለነካ ብቻ ነው። ችግር የመጣው እነዚያ የሚበሩት፣ ተራራ የሚያነሡት፣ ጭምብል የሚያጠልቁት ጀግኖች ሲመጡ ነው። አያ ይማም መጀመሪያ ያዩ ቀን ከውስጥ ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። የከበዳቸው ድብድቡ አልነበረም፤ ሰውዬው የውስጥ ሱሪውን ከሱሪው በላይ መልበሱ ነው። «እንዲህ ለብሶ አደባባይ የወጣ ሰው ለልጅ ይታያል?» እያሉ ሁለት ቀን አሰቡ። በመጨረሻ አገር ለማዳን ሲሮጥ ቸኩሎ ነው ብለው ይቅር አሉትና፣ ጆሮውን ለነካ ፈቀዱ።

ሰይድን የማስታውሰው ከዚያ ጀምሮ ነው። ያኔ የሰፈር ልጅ ነው፤ ባሌ የሆነው ብዙ ቆይቶ ነው። ጆሮውን ነክቶ ገባ፣ የሚበረውን ሰው አየ፣ በማግስቱ የአባቱን ሽርጥ አንገቱ ላይ አስሮ ከማሽላው መሀል ከቆመው ወፍ መጠበቂያ ማማ ላይ ዘለለ። ቀኝ እጁ ተሰበረ፤ ወጌሻ አሸው፣ በቀርከሃ አሰረው፣ እጁም ዳነ፤ ግን ክርኑ ጎብጦ ቀረ። ከሁለት ወር በኋላ አዲስ የጀግና ፊልም መጣና ሰይድ ተሰልፎ በሩ ላይ ደረሰ፤ እኔ ከኋላው ነበርኩ።

«ንካ» አሉት አያ ይማም።

እጁን አነሣ። ግንባሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ተንጠራራ፣ አንገቱን አጣመመ፣ ጆሮው ግን አልመጣለትም።

«በግራዬ ልንካ?»

«በግራ የተነካ አይቆጠርም።»

«አያ ይማም፣ ባለፈው አስገብተውኝ ነበር እኮ!»

«ባለፈው ነክተሃል፤ ዛሬ አልነካህም። ወደ ኋላ ነው እንዴ የምታድገው?»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። ልጁ እንደገና ሄዶ እንዳይዘል ሽማግሌው ፈርተውለት እንደነበር የገባኝ ራሴ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። ሰይድ ግን ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም፣ አያ ይማም በሩ ላይ እስካሉ ድረስ አልገባም። ከእሱ ያነሱ ልጆች ጆሯቸውን እየነኩ ሲያልፉ እሱ ከቤቱ ጀርባ ይዞርና ቆርቆሮው ላይ ጆሮውን ለጥፎ ይሰማል። የሚሰማው ጩኸትና ፍንዳታ ብቻ ነው።

እኔ ስወጣ ይጠብቀኛል። ሜዳው ዳር ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን፣ ከመሬት የለቀምነውን ፍሬ እየበላን፣ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግረዋለሁ። እንግሊዝኛ እኔም አላውቅም፤ ስለዚህ የሚያወሩትን ሁሉ በራሴ እሞላው ነበር። የጀግናው እናት ልጇ ሊበር ሲል «አፈር ስሆን ተመለስ!» ትለዋለች፤ ክፉው ሰውዬ የጎረቤት ውኃ ጠልፎ ሽንኩርቱን ያጠጣ ሰው ነው፤ ከተማው ሲፈርስ ሕዝቡ ወደ ጎረቤት ከተማችን ጎብዬ ይሸሻል። ሰይድ ዓይኑን ሳይነቅል ይሰማኛል። እንደዚያ አድርጎ የሰማኝ ሰው ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

አንድ ቀን የታየው ፊልም ላይ ጀግናው ሞተ። የእውነቱን ነው የሞተው፤ ቀበሩት፣ ሰዉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይዞ ዝናብ ውስጥ ቆመ፣ ፊልሙም በዚያው አለቀ። አያ ይማም ራሳቸው ከበሩ ላይ ሆነው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ስወጣ ሰይድ ቁርቁራው ሥር ጎባጣ ክንዱን አቅፎ ተቀምጧል። ያቺን ፊቱን አየሁና መንገር አቃተኝ። «ተቀበረ፤ ከዚያ አፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ተነሣ» አልኩት። ዛፉን እየዞረ ጨፈረ።

ሁለት ዓመት ያህል አመነኝ። ከዚያ አያ ይማም ታመው ልጃቸው ወዳለበት ወደ ዋጃ ሄዱ፣ በሩም ለማንም ክፍት ሆነ፣ ያው ካሴት እንደገና ታየ። ሰይድ ከቪዲዮ ቤት ቀጥ ብሎ እኛ ግቢ መጣ። እናቴን ሰላም አለ። እስከ አጥሩ ሸኘሁት።

«ሞቷል እኮ» አለኝ።

«ታዝናለህ ብዬ ነው።»

«አያ ይማም በር ላይ ነው የከለከሉኝ። አንቺ አስገብተሽ ነው የከለከልሽኝ።»

ማሽላው ተዘርቶ እስኪታጨድ አላናገረኝም። ሲታጨድ የወደቀ ዘለላ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና ሄደ፤ በእኛ በሁለታችን መሀል ይቅርታ ማለት ያ ነበር።

አድገን ተጋባን። የመስኖ ፓምፕ ይጠግን ነበር፤ ከቆቦ እስከ ዋጃ ያለ ሽንኩርትና ቲማቲም አምራች ሁሉ ስልኩን ያውቀዋል። ጎባጣው ክንዱ ሞተሩ ሥር ለመግባት ይመቻል እያለ ይቀልድ ነበር። የተጣላንበት ነገር ቢኖር ይህ የፊልም ጉዳይ ነው። ከሥራ ሲመለስ ሐያትን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እነዚያኑ የሚበሩ ሰዎች ይከፍትላታል፤ ልብሳቸው ተስተካክሏል፣ ግድያው ግን በዝቷል። «አስራ ሦስት ይላል እኮ፣ ሰይድ!» እለዋለሁ። «እኔ አጠገቧ አይደለሁም?» ይለኛል። ደም ሲመጣ ዓይኗን አይሸፍንም፤ ቀለም እንደሆነ ይነግራታል። ሰው ሲሞት ፊልሙን አቁሞ የጠየቀችውን ሁሉ ይመልስላታል። ልጁን በር ላይ የሚያስቆም ሰው እንዲኖር አልፈለገም። ቁጥሩን በአውራ ጣት መሸፈን ያስተማራትም እሱ ነው፤ እኔ እንዳላይ።

ወባ ነው ያልነው በሽታ በአምስት ቀን ወሰደው። ሐኪም ቤት ተመላልሷል፤ የተባለው ሁሉ ተደርጓል። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ እጄን እንደያዘ አረፈ። መጀመሪያ ወደ ጭንቅላቴ የመጣችው ሐያት ናት። ማንንም አላማከርኩም። ጎረቤቴ እትዬ ዘሐራ ሳትጮህ፣ ሰው ሳይሰማ፣ ልጄን ከነእንቅልፏ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ የሰፈራችን ልጅ በሚነዳው ባጃጅ ውስጥ አስገባሁና ጎብዬ እህቴ ዘንድ ላክኋት። ልጅ ናት አልኩ። ይህንን ለማየት አልደረሰችም አልኩ። እሱ ታጠበ፣ ተገነዘ፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበረ። እሷ ሰባተኛው ቀን ላይ መጣች። ቤቱ ተጠርጎ ነበር።

«አባዬስ?» አለችኝ።

«አላህ ወስዶታል» አልኳት።

አላለቀሰችም። ቆይቼ ቆይቼ ያወቅሁት፣ የተወሰደ ሰው የሚመለስ መስሏት ነው። በምታያቸው ፊልሞች ሁሉ እንደዚያ ነው፤ የሞተው በሁለተኛው ክፍል ይመጣል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ሲቃረብ ከዋጃ የሚመጡት ሚኒባሶች ሲያልፉ አጥሩ ጋ ትቆማለች፤ ከሥራ የሚመለሰው በዚያ ሰዓት ነበርና። እትዬ ዘሐራ አይታት ዓይኗን ትጠርጋለች። «ተያት ልጄ፣ አሁን አይገባትም፤ ስትደርስ ትነግሪያታለሽ» ትለኛለች። መቼ ነው የምትደርሰው? በስንት ዓመቷ? የፊልሙን ዕድሜ የሚጽፉት ቢያንስ ቁጥር አላቸው።

ትናንት ነገርኳት። ስልኩን ከእጇ ወስጄ፣ አጠገቤ አስቀምጬ፣ ምንም ሳልቀይር ነገርኳት፤ እንደሞተ፣ እንደታጠበ፣ በነጭ ጨርቅ እንደተገነዘ፣ መሬት ውስጥ እንደገባ፣ እንደማይመጣ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ሰው አየው?»

«አዎ።»

«እትዬ ዘሐራም?»

«አዎ።»

«የባጃጁ ልጅስ?»

«አንቺን አድርሶ ሲመለስ ደርሷል፤ አይቶታል።»

«እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት?»

ቀጥላ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀችኝ። ለመንገር ሞከርኩ፤ ጺሙ፣ የተዘጋው ዓይኑ፣ ግንባሩ ላይ ያቺ ፓምፕ ሲጠግን ያገኛት የብረት ጭረት። አንገቷን ነቀነቀች። «ስትነግሪኝ አይታየኝም፣ እማ» አለችኝ። ከዚያ ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋና ተነሥታ ወደ አጥሩ ሄደች።

ኢዳዬ ሲያልቅ መቃብሩ ጋ እወስዳታለሁ። እዚያ የሚታየው አፈርና ሁለት ድንጋይ ነው፤ አንዱ ከራስጌ፣ አንዱ ከግርጌ፤ አጠገቡ ካሉት የሌላ ሰው መቃብሮች በምንም አይለይም። ይህ አባትሽ ነው ብላት ለምን ታምነኛለች? ሊያሳምናት የሚችለው ፊቱ ብቻ ነበር። የሚያስፈራ ነገር አልነበረበትም፤ ደክሞት የተኛ ሰው ይመስል ነበር። ጉንጩን ብትነካው ቀዝቃዛ እንደሆነ ታውቅ ነበር፣ ታለቅስ ነበር፣ አብረን እናለቅስ ነበር። ከጠዋት እስከ ዙሁር እዚህ፣ አሁን የተቀመጥኩበት ምንጣፍ ላይ ነበረ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ገብቶ ወጥቷል።