መጠበቅ የታዘዘላቸው ፖስተኛ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «አቶ ቀለመወርቅ» ማለት በስቶክሆልም ከተማ የሄሰልቢ ሠፈር ነዋሪ የሆኑ፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላ፣ ሃያ ሰባት ዓመት በፖስተኝነት አገልግለው በጡረታ የተገለሉ፣ ወንበር እያለ የማይቀመጡ ሰው ናቸው። ትርጉሙ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸዋሉልን አይጨምርም፤ እርሳቸው ይቀመጣሉ።

አለመቀመጣቸው ተረት አይደለም። ምሳ የሚበሉት የወጥ ቤቱን መስኮት ደገፍ ብለው ነው። ቴሌቪዥን የሚያዩት ከሶፋው ጀርባ ቆመው፣ ዜና አንባቢዋን እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ እየተከታተሉ ነው። ቅዳሴ ለእርሳቸው ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ይመስላል፤ ሌላው ምእመን እግሩን እያፈራረቀ ሲቃትት ፊታቸው ይፈካል፣ ስብከት ደርሶ «ተቀመጡ» ሲባል ይጠቁራል። በባቡር ሲሄዱ ከሚወርዱበት ጣቢያ ሁለት ጣቢያ ቀድመው ተነሥተው በሩ ላይ ይቆማሉ። የሚወርዱት የመስመሩ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ባቡሩ ጥሏቸው የሚሄድበት አገር የለም፤ ወይዘሮ ሸዋሉል ይህንን ማስረዳት ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል።

ወዳጆቻቸው ነገሩን ሲሰደዱ በእግራቸው ካቋረጡት የሱዳን በረሃ ጋር ያያይዙታል፤ በዚያ መንገድ የተቀመጠ ሰው አልተነሣም ይላሉ። እርሳቸው ሲጠየቁ «የፖስታ ቤት ደረጃ ነው ያስለመደኝ» ብለው ወሬውን ይዘጉታል።

የልጃቸው የሔዋን ልጅ፣ ሚካል፣ ስትወለድ ጡረተኛው ፖስተኛ አዲስ አድራሻ አገኙ። ሔዋንና ባሏ ቤኪ የሚኖሩት ፊቲያ ነው፤ ከሄሰልቢ ፊቲያ ድረስ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ ይህም በጣም ተስማማቸው። ሚካል አምስተኛ ወሯን ስትይዝ ሆዷ ክብ ሆነ። እኛ ደግሞ ክብ ሆድ ያለው ሕፃን ስናይ እናቱን የምናመሰግን ሕዝብ ነን። አቶ ቀለመወርቅ ያንን ሆድ በሁለት ጣት መታ መታ እያደረጉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ይህች ጠግባ ያደረች ናት» እያሉ ያሳዩ ነበር። ፎቶውን ሶለንቱና ላሉት የድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሳይቀር ልከዋል። በስድስተኛው ወር የሕፃናት ጤና ጣቢያዋ ነርስ ያንኑ ሆድ ስትዳብስ ግን አላመሰገነችም። ስልክ አነሣች።

ከሳምንት በኋላ ቤተሰቡ በሆስፒታሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰበሰበ። ሔዋንና ቤኪ ተቀመጡ፤ አቶ ቀለመወርቅ በሩን ተደግፈው ቆሙ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ሽማግሌውን «አንተ» ትላቸዋለች፤ አገሩ አንቱታን ከጣለ ቆይቷል፣ እርሳቸውም ይቅር ካሉት ቆይተዋል። ወረቀት ላይ የሕፃን ሥዕል ሣለችና ከኩላሊቱ በላይ ነጥብ አደረገች።

«ይህ የነርቭ ቲሹ ካንሰር ነው» አለች። «ልጅቷ ገና በማሕፀን ሳለች ነርቭ ሊሆኑ ጉዞ ጀምረው መንገዳቸውን ካልጨረሱ ሴሎች የሚነሣ ነው። እዚህች ትንሽ ዕጢ ላይ ጀመረ። ከዚያ ወደ ጉበቷ ሄደ፤ ሆዷን የነፋው ጉበቷ ነው። መቅኔዋ ውስጥም ጥቂት አግኝተናል።»

«ተሰራጭቷል ማለት ነው» አሉ አቶ ቀለመወርቅ።

«ተሰራጭቷል። ግን መሰራጨቱ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። የት ደረሰ? በስንት ዓመት ልጅ ላይ? ጥያቄው ይህ ነው። በሦስት ዓመት ልጅ ላይ አጥንት ከገባ፣ ከባዱን ሕክምና ሁሉ ሰጥተንም ከሁለት ልጆች አንዱን ያህል እናጣለን። ዓመት ከመንፈቅ ባልሞላው ሕፃን ላይ ደግሞ ቆዳና ጉበት፣ ጥቂት መቅኔም ነክቶ አጥንትን ካልደፈረ፣ ከአሥር ዘጠኙ ያህል ይተርፋሉ። አንዳንዴ ማንም ሳይነካው ራሱ ይጠፋል።»

«የእሷ አጥንትስ?»

«እሱን ገና አላወቅንም። ሐሙስ ልዩ ምስል እናነሣለን። የዘረ መል ምርመራውም አልደረሰም።»

ሃያ ሰባት ዓመት አድራሻ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸውና ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ ክፉው ደብዳቤ ተልኳል፣ ያልታወቀው የየትኛውን ቤት በር እንዳንኳኳ ነው።

ወደ መተላለፊያው ሲወጡ ልጃቸውን አስቆሟት። «ያንን ሆድ እኔ ነኝ ሳሞግሰው የከረምኩት።»

ሔዋን አማርኛውን ትሰማለች፤ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። «ፓፓ፣ ሁላችንም አሞግሰነዋል» አለችና ሕፃኗን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረች።

እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን ነበር። ወሬው ከበሽታው ፈጠነ፤ «ተሰራጭቷል» የምትለው አንዲት ቃል ብቻዋን፣ የሐኪሟን ማብራሪያ ሁሉ አራግፋ ጥላ፣ በየቤቱ ገባች። ጠያቂ ጎረፈ። ጉንፋን ያለበት እንዳይቀርብ ታዝዞ ስለነበር አቶ ቀለመወርቅ የነሔዋንን ሕንፃ መግቢያ ያዙ። ማክሰኞ ዕለት፣ የሄሰልቢ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አክበረት ድስታቸውን አቅፈው መጡ።

«ደኅና ዋሉ ወይዘሮ አክበረት። ጉንፋን አለብዎ?»

«የለብኝም ጋሽ ቀለመወርቅ።»

«ነጠላዎንስ ምን ነካው?»

ወይዘሮ አክበረት ወደ ደረታቸው ተመለከቱ። ነጠላው ለለቅሶ እንደሚደረገው ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቷል። «እንዲያው… ተሰራጭቷል ሲሉኝ ጊዜ እጄ ነው እንዲህ ያለበሰኝ።»

«ልጅቷ አሁን የአባቷን መነጽር ሰብራ እየሣቀች ነው። መልሰው ይልበሱትና ይግቡ።»

«ደረጃ ላይ ነጠላ ልገለብጥ?»

«ድስቱን ልያዝልዎ። ፊቴንም አዞራለሁ።»

ዞሩ። ወይዘሮ አክበረት ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ፤ ሕፃኗን አዩ፤ ማጽናናት አለባቸውና ዓይናቸው የሚያጽናና ነገር ፈለገ። «ታዲያ ሆዷ እንዲህ ሞልቶ ምን ትሆናለች፤ ትበላ የለ» አሉ። አቶ ቀለመወርቅ ድስቱን እንደያዙ ወጡና በፊቲያው ሐይቅ ዳር ተመላለሱ። ድስቱን የመለሱት ቀዝቅዞ ነው።

ረቡዕ ሚካል መርፌ ተወጋች፤ መድኃኒቱ የካንሰሩን ሴል ባለበት ፈልጎ የሚጣበቅና በማግስቱ ለካሜራ የሚታይ ነው። ሐሙስ ጡት ጠብታ፣ ተጠቅልላ፣ እናቷ አጠገቧ እንደቆመች መሣሪያው ሥር ተኛች። ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሕፃኗ መንቀሳቀስ የለባትም። አያቷ የእርሷንም ድርሻ ጨምረው ተንቀሳቀሱ። መተላለፊያውን እስከ ሊፍቱ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ የእሳት ማጥፊያውን መመሪያ በስዊድንኛ አነበቡ፣ እንደገና ሄዱ።

«ጋሼ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አለ ቤኪ ከአግዳሚው ላይ።

«አረፍኩ እኮ። ቅድም ቆሜ ነበር።»

ቤኪ ስልኩን ገለበጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አጥንት ሲያነብ ነበር፤ ሲያነብም አንድ ገጽ ሲያስተኛው ሌላው ሲያነቃው ከርሟል። «ምስሉ ላይ ባይበራ ነው የምንፈልገው፤ አይደል?» አለ። «አጥንቷ ጨለማ እንዲሆን።»

«ጨለማ ይሁን» አሉ አቶ ቀለመወርቅ፤ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ምርቃት መርቀው አያውቁም።

በሚቀጥለው ሳምንት ያችው ጠባብ ክፍል ተመልሰው ገቡ። «አጥንቷ ንጹሕ ነው» አለች ሐኪሟ። «ዘረ መሉም አስጊው ዓይነት አይደለም።» ሔዋን አለቀሰች፤ ቤኪ አዲሱን መነጽሩን አወለቀ። አቶ ቀለመወርቅ ግን እጅጌያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«አሁን ምን እናደርጋለን?»

«ለጊዜው ምንም። እንጠብቃለን። ጉበቷ አድጎ ትንፋሿን ከተጫነ መድኃኒት እንጀምራለን።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ይህ ምንም የምትዪው በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚወሰደው?»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያለማቋረጥ» አለች።

መርፌ ቢታዘዝ ኖሮ መርፌውን ይዘው ይሮጡ ነበር። ክኒን ቢሆን ሰዓቱን ይጠብቁ ነበር። በዚህ ዓለም ላይ ላሉ ትእዛዞች ሁሉ እግር ነበራቸው፤ ለዚህኛው ብቻ አልነበራቸውም። ጠዋት በአንድ ሰዓት ፊቲያ ደርሰው የሕፃኗን ትንፋሽ ይቆጥራሉ። የወይዘሮ ሸዋሉልን የልብስ ሜትር በኪሳቸው ይዘው ሆዷን ይለካሉ። በሁለተኛው ሳምንት አልትራሳውንዱ ጉበቷ ጥቂት እንደጨመረ አሳየ፤ ያን ዕለት ከሆስፒታሉ እስከ ቤታቸው በእግራቸው ሄዱ። ሔዋን ሜትሩን ቀማቻቸው። ወይዘሮ ሸዋሉል ደግሞ ሹራብ እየሠሩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እግዚአብሔር ሲሠራ ቆመህ ካልተቆጣጠርከው አይሆንልህም?» አሏቸው።

በአሥረኛው ሳምንት ጉበቱ ማደጉን ተወ። በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት ወይዘሮ አክበረት ሕፃኗን አቅፈው ከፍ ዝቅ አደረጉና ፊታቸው ተለወጠ።

«ጋሽ ቀለመወርቅ፣ ልጅቷ ከስታለች።»

«የት ላይ?»

«ሆዷ ላይ። ምነው፣ አያዩአትም?»

«ከአፍዎ ይቀበልዎ ወይዘሮ አክበረት» አሉ፤ ከዚያም እስኪሄዱ ድረስ ሦስት ጊዜ አስደገሟቸው።

አልትራሳውንዱ ወይዘሮ አክበረትን አላሳፈረም፤ ከኩላሊቷ በላይ ያለው ዕባጭ በግማሽ አንሷል፣ ጉበቷም ወደ ልኩ እየተመለሰ ነው። ሐኪሟ ተጠንቅቃ ነው የተናገረችው፤ «ገና አልጨረስንም፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና አያታለሁ» አለች። ሔዋን ወደ ሥራዋ መሄድ ነበረባት። ልጅቷን በማዘያው አድርጋ የአቶ ቀለመወርቅ ደረት ላይ አሰረችና ሄሰልቢ ሴት አያቷ ዘንድ እንዲያደርሷት ነገረቻቸው።

ከኦደንፕላን አረንጓዴውን መስመር ያዙ። ባቡሩ ፍሬን ሲይዝ የሕፃኗ ጭንቅላት ወዲያ ወዲህ ስላለ፣ ለእርሷ ሲሉ ብቻ፣ ለትንሽ ጊዜ፣ ወንበር ጫፍ ላይ አረፍ አሉ። ሚካል ብሮማ ሳይደርሱ ተኛች። ዮሃነሉንድ ላይ፣ እንደ ልማዳቸው ሁለት ጣቢያ ሲቀር፣ ሊነሡ ጉልበታቸውን አዘጋጁ። የሕፃኗ እጅ የኮታቸውን ክፈፍ ጨብጧል። ያ ሆድ፣ ለስላሳና ጎደል ያለ፣ በራሳቸው ሆድ ላይ ተኝቶ ወጣ ገባ ይላል። የመጨረሻው ጣቢያ ደረሰ፤ ሰው ሁሉ ወረደ። ሾፌሯ ባቡሩን መልሳ ልትነዳ ወደ ሌላኛው ጫፍ ስታልፍ በመስኮቱ አየቻቸው፤ ሳታስወርዳቸው አለፈች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልካቸው በኪሳቸው ተንቀጠቀጠ። ወይዘሮ ሸዋሉል ናቸው።

«የት ደረሳችሁ?»

«ሃግሴትራ» አሉ በሹክሹክታ።

ሃግሴትራ የመስመሩ ሌላኛው ጫፍ ነው። «እዚያ ምን ታደርጋለህ?»

«ምንም።»

«ቆመህ?»

«ተቀምጬ» አሉና፣ ልጅቷ እንዳትነቃ ስልኩን ዘጉት።